በሙሉ ድምፅ ስለደገፍነው ዕቅድ

ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.
ሾላ አፋፍ

ለክቡር አቶ እንዳላማው
የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለዕቅድ ዝግጅት ባለሙያዎችዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። ወንበርዎ የጸና፣ መንገድዎ የቀና፣ የጽሕፈት ቤትዎም ማኅተም ቀለም የማይነጥፍበት ይሁን። እኛ የሾላ አፋፍ ቀበሌ ነዋሪዎች ደኅና ነን። ዝናቡ በጊዜው ጀምሯል፤ ከብቱ ደኅና ነው፤ እኔም ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ስለሆነ ነው እንጂ ከኅዳር ወር ወዲህ ይህ ነው የምለው ነገር ተሰምቶኝ አይደለም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ አንተነህ ልየው እባላለሁ። ገበሬ ነኝ። በልጅነቴ ጥቂት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በመማሬ እጅ ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል የትምህርት ቤታችን የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ጸሐፊ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር በወረዳው አዳራሽ በተካሄደው የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ የኅብረተሰብ ውይይት ላይ ቃለ ጉባኤ የያዝኩትም እኔ ነኝ። ዛሬ በአደባባይ የምጽፍልዎት ላመሰግንዎት ነው። ተራ ቁጥር የሌለው ጉዳይ በጽሕፈት ቤትዎ እንደማይስተናገድ ከልምድ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ ጥሪው አመሰግናለሁ። የጥሪ ወረቀቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደርሶን ስብሰባው ዓርብ ጠዋት በመሆኑ ብዙ የምንጨነቅበት ጊዜ አላገኘንም። ወረቀቱ ከየቀበሌው ከሚመጡት ሁለት ወላጆች አንዷ ሴት እንድትሆን ስለሚያዝ ባለቤቴን ደብሪቱን ይዤ ተነሣሁ። ደብሪቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስብሰባ ላይም ተናግራ አታውቅም። መንገድ እንደጀመርን አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እውነት ሐሳብ ሊጠይቁን ነው?» አለችኝ። ወረቀቱ እንደዚያ እንደሚል ነገርኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ወረዳው ከተማ ባለው የሦስት ሰዓት መንገድ የምትናገረውን እያሰናዳች ድምፅዋ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር። አንዱን ቃል ትጥለዋለች፣ ሌላ ታነሣለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

አዳራሹ ስንደርስ ዕቅዱ ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ ሽፋን ለብሶ በየወንበራችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሰማንያ አራት ገጽ ነው። ሐሳብ ልንሰጥ ተጠርተን ሐሳባችንን ተጽፎ ማግኘታችን ከስንት ድካም እንዳዳነን እርስዎ ያውቁታል። ከመድረኩ በላይ «ኅብረተሰቡ የዕቅዱ ባለቤት ነው» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። የዕቅድ ባለሙያዎ አቶ መንግስቱ ግድግዳው ላይ በመብራት እያበሩ ሲያስረዱን ቆዩ፤ መብራቱ ሲጠፋም አላቋረጡም፣ ከወረቀቱ እያነበቡ ቀጠሉ። ጠንካራ ጎናችንን፣ ደካማ ጎናችንን፣ ስጋታችንን ሁሉ እሳቸው ነገሩን። እስከ ምሳ ድረስ ስለ ራሳችን ብዙ ተማርን። በመጨረሻም ለአስተያየት ሃያ ደቂቃ ተሰጠን።

2. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስላዳመጡን ነው።

ደብሪቱ እጇን አወጣች። አራተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ስትነሣ ነጠላዋ ወንበሩ ላይ ቀርቶ ነበር፣ አላወቀችም። ያለችው ይህ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«እኔ መናገር አላውቅበትም፤ ይቅር በሉኝ። ልጄ ዓይናዲስ ዘንድሮ ስድስተኛን ትጨርሳለች። ከኛ ዘንድ ትምህርቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ሰባተኛ ያለው ከጥቁር ውኃ ማዶ ነው። ክረምት ሲሆን ወንዙ ሰው አያሻግርም፤ ሲጎድልም መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ለሴት ልጅ መንገድ ላይ የሚገጥማትን እናንተም ታውቁታላችሁ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከተማ ቤት ተከራይታ ብቻዋን እንድታድር አልሰድም። የምንለምነው ሁለት ክፍል ነው። እንጨቱን እኛ፣ ጭቃውን እኛ፣ ጉልበቱን እኛ፤ መምህሩን እናንተ። ይኸን ጠዋት ሙሉ ሰማሁ፣ ሰባተኛ ክፍል ለሾላ አፋፍ የሚል አልሰማሁም። እሱ ከሌለበት ይኸ ወረቀት የኔ አይደለም። አልደግፈውም።»

ከኋላ ሁለት ሦስት ሴቶች አጨበጨቡ። አንድ የጽሕፈት ቤትዎ ሰው ፎቶ አነሣት። እርስዎም ከመቀመጫዎ ተነሥተው በታላቅ ትሕትና፣ «እናታችን፣ ግሩም አስተያየት ነው፤ በግብዓትነት ወስደነዋል» አሏት። ደብሪቱ ተቀመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ወሰድነው አሉ እኮ!» አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። ፊቷን እንደዚያ በርቶ ያየሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ በቃሉ ላለመደሰት አልቻልኩም። እኛ ገበሬዎች ግብዓት የምንለው ማዳበሪያን ነው፤ እሱም ወደ መሬት ከገባ በኋላ ተመልሶ አይታይም። በቤተ ክርስቲያን የተማርን ደግሞ ግብዓት ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ግብዓተ መሬት ነው። እርስዎ ሁለቱንም አስበው ከሆነ ቅኔው ሙሉ ነው፤ እጅ እነሣለሁ።

3. ሦስተኛው ምስጋና ለአቶ መንግስቱ ይድረስልኝ። ከስብሰባው በኋላ ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ እንድገለብጥ ቢሯቸው አስገብተው ወንበር ሰጥተውኛል። የደብሪቱን ንግግር እንዳለ ጽፌው ነበር። እሳቸው አነበቡት፣ በእስክሪብቶ ጫፍ መታ መታ አደረጉትና በደግ አንደበት እንዲህ አሉኝ፦ «አንተነህ፣ ዝርዝር አያስፈልግም፤ ጭብጡን ብቻ ነው። ዕቅዱ ነገ ወደ ዞን ይሄዳል። ልዩነት አለ ከተባለ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ለማንም አይጠቅም። የናንተን ጉዳይ እኛ በቃል እንይዘዋለን።» የሌላ ስብሰባ ቃለ ጉባኤም አንድ ቅጂ ለምሳሌ ሰጡኝ።

ከምሳሌው ላይ ገለበጥኩ። በሦስተኛው ገጽ በተራ ቁጥር 7 ላይ፣ «ወ/ሮ ደብሪቱ የተባሉ ወላጅ ዕቅዱ የኅብረተሰቡን ችግር በሚገባ የዳሰሰ መሆኑን ጠቅሰው ድጋፋቸውን ገልጸዋል፤ ቤቱም ዕቅዱን በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ያምራል። ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አልጮኸብኝም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን እያወቅሁ በቃል የሚያዘውን ለባለቤቴ፣ በጽሑፍ የሚያዘውን ለእርስዎ ሰጠሁ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። የማገኘው መልስ ትንሽ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ወንበር ተሰጥቶኝ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ደብሪቱ፣ «ያልኩትን ጻፍከው?» አለችኝ።

«ጽፌዋለሁ» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ነሐሴ ላይ ዕቅዱ ደብረ ማርቆስ ታትሞ፣ ቃለ ጉባኤው በአባሪነት ተያይዞ ለየትምህርት ቤቱ ተከፋፈለ። ርእሰ መምህሩ የእናቷ ፎቶ አለበት ብለው ለዓይናዲስ ሰጧት፤ እየሮጠች ይዛው መጣች። በእርግጥም አለ፤ ደብሪቱ እጇን ዘርግታ እየተናገረች፣ ከሥሩ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ በከፊል» ይላል። ፎቶው የተነሣው አልደግፈውም ባለችበት ሰዓት ነው። ደብሪቱ ምስሏን በጣቷ ነካችውና ልጅቷን፣ «እስቲ የኔን ንግግር ፈልገሽ አንብቢልኝ» አለቻት።

እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። መግባትም መውጣትም እችል ነበር፤ አንዱንም አላደረግሁም። ልጄ ገጹን አገኘችው። ስታነብ ጎበዝ ናት፣ ነጥቡን ትጠብቃለች። ድጋፋቸውን ገልጸዋል የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ የጸሐፊውንም ስም ጨምራ።

ደብሪቱ፣ «እሱ ነው የጻፈው?» ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት። እኔን አልጠየቀችኝም።

«አዎ፣ እማ።»

መጽሐፉን ተቀብላ ዘጋችውና መደቡ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያም ከብቱ ውኃ አለመጠጣቱን ነገረችኝ። ከብቱን ይዤ ወረድኩ።

4. አራተኛው ስለ ዳሱ ነው።

ከስድስተኛ ክፍል ያለፉት አሥራ ዘጠኝ ልጆች ነበሩ። አራት ወንዶች ከወንዙ ማዶ ቤት ተከራይተው ሄዱ፤ አሥራ አምስቱ ቀሩ። መስቀል እንዳለፈ ደብሪቱ ቤት ለቤት ዞረች። እኔን ሳታማክር ነው የዞረችው። በሳምንት ውስጥ ወላጁ እንጨት አመጣ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ዳስ ተሠራ፣ የድንጋይ መቀመጫ ተደረደረ። ከስድስተኛ ክፍል መምህራን አንዱ የሆነው መምህር አበረ የራሱን ክፍለ ጊዜ ጨርሶ ከሰዓት በኋላ ያለ አንዳች ክፍያ ሊያስተምር ፈቀደ። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ነበር፤ ልጆቹ ተራ በተራ እየወሰዱ ይገለብጡታል። እኔም እንጨት ተሸከምኩ። ደብሪቱ ስትቀበለኝ እንደማንኛውም ሰው፣ «እዚያ አድርገው» አለችኝ።

አምስት ሳምንት ተማሩ። እውነቱን ለመናገር በዚያ አምስት ሳምንት ነገሩ ያልፋል ብዬ ነበር።

በኅዳር ወር አቶ መንግስቱ ከሁለት ሰዎች ጋር በሞተር ሳይክል መጡ። ዳሱን ዞረው አዩት፣ ልጆቹን ቆጠሩ፣ ወላጆቹን ሰበሰቡ። ንግግራቸው አጭር ነበር። «ጥረታችሁን እናደንቃለን። ይሁን እንጂ ሾላ አፋፍ ላይ ሰባተኛ ክፍል በስትራቴጂክ ዕቅዱ ውስጥ የለም። በዕቅድ የሌለ ክፍል ሕገ ወጥ ነው። ዕቅዱን ደግሞ እናንተው በሙሉ ድምፅ ደግፋችሁታል።» ይህን ብለው ከቦርሳቸው ቃለ ጉባኤውን አወጡና ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አድርገው ያዙት።

አንድ አዛውንት፣ «ይኸን ማን ጻፈው?» ብለው ጠየቁ።

መልስ የሰጠችው ደብሪቱ ናት። «ባሌ ነው» አለች። አልጮኸችም፤ ወደኔም አልዞረችም።

ሰው ሁሉ አየኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ይህ ወረቀት ሐሰት ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አድርግ የተባልኩት እንዲህ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ፣ «ተጽፏል እንግዲህ» የሚል ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው ምንም የማይሰማኝ። እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ እቆምበታለሁ፣ እሄድበታለሁ፣ የኔ አይመስለኝም።

ዳሱ በማግሥቱ ፈረሰ። እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን እንጨት ለይቶ ወሰደ። መምህር አበረ ከተፈቀደለት ሥራ ውጭ ተሰማርቷል ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ለፍጥነትዎ አመሰግናለሁ፤ በጥቁር ውኃ ላይ ድልድይ ስንጠይቅ በዘጠኝ ዓመት ያልደረሰልን የጽሕፈት ቤትዎ ሰው ለዳሱ በአምስት ሳምንት ደርሷል።

5. ከአሥራ አምስቱ ሦስቱ ልጃገረዶች በጥርና በዳግም ትንሣኤ ተዳሩ። አምስቱ ደብረ ማርቆስ ሰው ቤት ተቀጥረዋል። ስድስቱ ቤታቸው ናቸው። በዕቅዱ ሃያ ሁለተኛ ገጽ ላይ «መጠነ ማቋረጥን ወደ ዜሮ ማውረድ» የሚል ግብ ስላለ እነዚህ ልጆች አላቋረጡም፤ እስከ ስድስተኛ ተምረው ጨርሰዋል። ስለዚህም ግቡ ተሳክቷልና እንኳን ደስ አለዎት።

የቀረችው አንዷ ዓይናዲስ ናት። ዳሱ በፈረሰ በሦስተኛው ቀን ሰኞ ጠዋት የደንብ ልብሷን ለበሰች፣ ደብተሯን ያዘች፣ ሄዳ ስድስተኛ ክፍል የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መምህር አበረ ምን ልትሠሪ መጣሽ ቢላት፣ «እንዳልረሳ ነው» አለችው። አላስወጣትም። አንድ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፣ ሁለተኛው ቢመጣ ይምጣ አለ። ያለፈችውን ትምህርት እንደገና እየተማረች ነው። በመንፈቅ ዓመቱ አንደኛ ወጣች። ካርዷን ስታሳየኝ፣ «ጎበዝ» አልኳት። «የማውቀው ነው እኮ፣ አባ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣

ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረኝ አንድ ሥራ ነው። በየካቲት ወር በያዝኩት ቃለ ጉባኤ በሦስተኛው ገጽ በተራ ቁጥር 7 ላይ የሰፈረው ሐሰት ነው። ጽፌ የፈረምኩት እኔ አንተነህ ልየው ነኝ። ደብሪቱ ዕቅዱን አልደገፈችም፤ ያለችው ከላይ በቁጥር 2 እንደተጻፈው ነው። ሙሉ ድምፅ የሚባልም አልነበረም፤ እጅ እንድናወጣ እንኳ አልተጠየቅንም። ይህ ደብዳቤ ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዲያያዝ እጠይቃለሁ። ከኅብረቱ ጸሐፊነትም በራሴ ፈቃድ ወርጃለሁ።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት እስከዚህ ድረስ ያለውን ለደብሪቱ አነበብኩላት። ስጀምር፣ «ቆይ» አለችኝና ዓይናዲስን ጠርታ አጠገቤ አስቀመጠቻት፤ የማነበው የተጻፈውን መሆኑን መስመር በመስመር እንድትከታተል። ልጄ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ተከታተለችኝ። ስጨርስ እናቷ እሷን አየቻት።

«እንደሱ ይላል?»

«እንደሱ ይላል፣ እማ።»

ደብሪቱ፣ «ላከው» አለችኝ። ከነሐሴ ወዲህ ከከብት፣ ከእንጨትና ከእርሻ ውጭ የተናገረችኝ ቃል ይህቺው ናት።

ለዕቅድዎ መሳካት ዘወትር በጸሎት የሚያስብዎ፣ ለቢሮዎ ወንበር ክብር ሲል በእጁ ሐሰት የጻፈ፣ ያጠፋውንም በዚያው እጁ የሚያርም፣

አንተነህ ልየው
የቀድሞ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለአቶ መንግስቱ፣ በጭብጥ ሳይሆን በዝርዝር እንዲያውቁት፤
ለመምህር አበረ፣ ከማስጠንቀቂያው ጋር አብሮ እንዲያስቀምጠው፤
ለወ/ሮ ደብሪቱ፣ ቤት ውስጥ በእጅ የተሰጠ።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ የሚያደርስልኝ ሰው ስጠብቅ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ቅጽ ደርሶናል። በሾላ አፋፍ ትምህርት ቤት አንዲት ክፍል ደጋሚ በመገኘቷ፣ ይህም ለወረዳው አፈጻጸም እንቅፋት በመሆኑ፣ ተማሪዋ የደገመችበትን ምክንያት ራሷ እንድታመለክት ያዝዛል። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሀ. የትምህርት ድክመት፣ ለ. ከትምህርት መቅረት፣ ሐ. ሕመም። ዓይናዲስ ከሥር በንጹሕ ጽሑፍ፣ «መ. ሰባተኛ ክፍል የለም» ብላ ጨምራ ላከች። ቅጹ ከተሰጡት አማራጮች ውጭ መሙላት አይቻልም ተብሎ ተመለሰ። ትናንት ሐ ላይ ምልክት አድርጋ መልሳዋለች። ሕመሙ የማን እንደሆነ ቅጹ አይጠይቅም።